በሚንቀሳቀስ ክፈፍ ውስጥ ነጥብ ቦታ የቀየረ እንዲመስል ማድረግ፦ በስክራች ደረጃ በደረጃ

የሳይንስ አውደ ርዕይ በተቃረበ ቁጥር ተማሪውም መምህሩም አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «ያቺን ሁለት ነጥቦች አንድ ቦታ ላይ ብልጭ እያሉ ተራርቀው የሚታዩባትን ነገር እንዴት ነው የምንሠራት?» ለእያንዳንዱ ሰው በቴሌግራም ድምፅ እየቀረጹ መላክ አድካሚ ስለሆነ ሙሉ አሠራሩን እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ስክራችን (ብሎኮችን በመደርደር ፕሮግራም የሚሠራበትን ነፃ መሣሪያ) ከዚህ በፊት ነካክታችሁ የምታውቁ ከሆነ በአንድ ከሰዓት ይጠናቀቃል። የማታውቁትም አትፍሩ፤ ብሎኮቹን አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ።

የምትሠሩት ይህንን ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ክፈፍ ግራና ቀኝ ይመላለሳል። ቀኝ ጫፍ ሲደርስ ቀይ ነጥብ ብልጭ ብላ ትጠፋለች፤ ግራ ጫፍ ሲደርስ ሰማያዊ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ሁለቱም የሚበሩት በትክክል አንድ ቦታ ላይ፣ ስክሪኑ መሃል ነው። የሚመለከተው ሰው ግን ቀይዋን ወደ ግራ፣ ሰማያዊዋን ወደ ቀኝ ሸሽተው ያያቸዋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ጥቂት ሳይሆን ዓይን የሚሞላ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ካልገባችሁ ደረጃዎቹ የዘፈቀደ ይመስሏችኋልና አስቀድሜ ላስረዳ። ዓይናችን አርፎ አይቀመጥም፤ በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ይዘላል። ስለዚህ አንጎል የአንድን ነገር ቦታ ለማወቅ በዓይን ውስጥ ምስሉ ያረፈበትን ስፍራ ብቻ ማመን አይችልም። በዙሪያው ያለውን ሰፊ ነገር እንደ ቆመ ቆጥሮ ከእሱ አንጻር ይለካል። በደመናማ ሌሊት ጨረቃ የምትሮጥ የምትመስለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰፊው ደመና የቆመ ተደርጎ ስለሚወሰድ እንቅስቃሴው ለጨረቃ ይሰጣል። በእኛ ሥራ ደግሞ ክፈፉ ቀኝ ጫፍ ላይ ሲሆን መሃል ያለችው ነጥብ ለክፈፉ ግራ ጠርዝ ትቀርባለች፤ ክፈፉ ግራ ጫፍ ላይ ሲሆን ያቺው ቦታ ለቀኝ ጠርዙ ትቀርባለች። አንጎል የክፈፉን ጉዞ በአብዛኛው ሰርዞ «ክፈፉ ቆሟል» ብሎ ስለሚይዝ አንደኛዋን ነጥብ ግራ፣ ሌላኛዋን ቀኝ ያስቀምጣቸዋል።

ፖስተር ላይ ስም ለሚያስፈልጋችሁ፦ ይህ «የክፈፍ ውጤት» የሚባለው ነው፤ ሜርት ኦዝካን፣ ስቱዋርት አንስቲስ፣ ፓትሪክ ካቫና እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ ያወጡት ሥራ አለ።

ከመጀመራችሁ በፊት ጥንቃቄ

ብልጭ የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭታ እንዳይኖር የሚለው የተለመደ ገደብ ነው። ከታች የሰጠኋችሁ ፍጥነት በሰከንድ 2 ጊዜ ገደማ ብቻ ስለሚያበራ ከገደቡ በታች ነው። «እናፍጥነው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ አትስሙት። ለእይታ ስታቀርቡም ጠረጴዛው ላይ ማስጠንቀቂያ ጽፋችሁ ለጥፉ፣ ከማሳየታችሁ በፊትም በቃል ጠይቁ። ማቅለሽለሽ ወይም ራስ ምታት የጀመረው ሰው ወዲያው ያቁም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር። በስልክ ማሳየት ይቻላል፤ ብሎክ መደርደሩ ግን በትንሽ ስክሪን ያሰለቻል።
- ስክራች 3። በብራውዘር ይከፈታል። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥባችሁ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ነፃ ፕሮግራም አንድ ጊዜ አውርዶ መጫን ይበቃል።
- ከአሮጌ የጫማ ወይም የብስኩት እሽግ የተቆረጠ፣ ስክሪኑን የሚሸፍን ካርቶን።
- ወረቀት መብሻ ወይም ሹል እርሳስ።
- የወረቀት ማጣበቂያ ፕላስተር።
- ውጤት መመዝገቢያ ደብተር።

አሠራሩ

1. ስክራችን ክፈቱና ገጹን በእንግሊዝኛ አድርጉት። ቋንቋው የሚቀየረው ከላይ «ሴቲንግስ» በሚለው ሥር ነው፤ በቀድሞዎቹ ስሪቶች ከላይ ባለችው የሉል ምልክት ነበር። ከዚህ በታች የብሎኮቹን ስም የምጠራው በእንግሊዝኛው አጠራር ስለሆነ ፍለጋ እንዳትቸገሩ ነው። መጀመሪያ የምትመጣውን ድመት አጥፏት።

2. ለጊዜው ባለ መስመር ባክድሮፕ (የመድረኩ የኋላ ሥዕል) አምጡ። ከባክድሮፖቹ ዝርዝር ውስጥ «ኤክስ ዋይ ግሪድ 20 ፒክስል» የሚለውን ምረጡ። የስክራች መድረክ ወርዱ 480፣ ቁመቱ 360 ነጥብ ነው (እዚህ «ነጥብ» የርቀት መለኪያ ነው፤ ከምንሥላቸው ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ጋር አታምታቱት)፤ መሃሉ 0 ነው። እዚህ ባክድሮፕ ላይ እያንዳንዱ ካሬ 20 ነጥብ ስለሆነ እንደ ማስመሪያ ያገለግላችኋል። ሥዕል መሣያው ራሱ ስፋት በቁጥር ስለማያሳይ ያለዚህ ግምት ውስጥ ትገባላችሁ።

3. ክፈፉን ሣሉ። አዲስ ስፕራይት (መድረኩ ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል) በ«ፔይንት» ክፈቱ፤ አራት ማዕዘን ምረጡ፤ የውስጥ ቀለሙን ባዶ አድርጉ (ቀይ መስመር የተሰረዘበት ነጭ ሳጥን ነው)፤ የጠርዙን ቀለም ነጭ፣ ውፍረቱን 8 አድርጉ። መጠኑ በመድረኩ ላይ ከመሃል ወደ አራቱም አቅጣጫ 4 ካሬ፣ ማለትም 80 ነጥብ መድረስ አለበት። ሥዕሉን ጎትታችሁ መሣያው መሃል ባለችው ትንሽ የመስቀል ምልክት ላይ በልክ አስቀምጡት። ይህን ቸል የሚል ብዙ ነው። ስክራች የስፕራይቱን ቦታ የሚቆጥረው ከዚያች ምልክት ስለሆነ ሥዕሉ ወደ ጎን ካጋደለ ነጥቧ በሁለቱ ጫፎች ላይ ከጠርዝ የምትርቅበት መጠን እኩል አይሆንም፤ ልኬታችሁም ይበላሻል። ስፕራይቱን «ክፈፍ» በሉት።

4. ነጥቦቹን ሣሉ። ዲያሜትሯ ከአንድ ካሬ ትንሽ ያነሰች፣ ጠርዝ የሌላት ደማቅ ቀይ ክብ ሣሉ። እሷንም መሃል አስቀምጡ። ከዚያ ስፕራይቱን ገልብጡና ቅጂውን ሰማያዊ ቀቡት። አዲስ አትሣሉ፤ መጠናቸው ከተለያየ ተመልካቹ «መጠናቸው ስለተለያየ ነው» ይላችኋል። «ቀይ» እና «ሰማያዊ» ብላችሁ ሰይሟቸው።

5. ባክድሮፑን ቀይሩ። ባለ መስመሩን አጥፉና በጥቁር ግራጫ የተሞላ አዲስ ባክድሮፕ ሥሩ። መስመሮቹን ጥላችሁ ከሄዳችሁ አንጎል ቋሚ መለኪያ ስለሚያገኝ ሽወዳው ይዳከማል። በዚሁ ባክድሮፕ ታችኛው ክፍል፣ መሃል ለመሃል፣ ትንሽ የመደመር ምልክት ሣሉ፤ ቦታዋ ከመሃል ወደ ታች 140 ገደማ ላይ ይሁን። ተመልካቹ ዓይኑን የሚተክለው እሷ ላይ ነው። ይህች ምልክት ሁለት ሥራ አላት። ዓይን ክፈፉን ተከትሎ እንዳይሄድ ትይዛለች፤ ስለዚህ «ዓይኔ ስለተንቀሳቀሰ ነው» የሚለው ክርክር ይዘጋል። ነጥቦቹን በዓይን ጥግ እንድናያቸው ማድረጓ ደግሞ ውጤቱን ያጎላዋል። ነገር ግን ወደ ነጥቦቹ አታስጠጓት፤ እሷም የቆመች መለኪያ ትሆናለችና።

6. የነጥቦቹን ብሎክ ደርድሩ። «ቀይ» ስፕራይት ላይ ሁለት ቁልል ይኖራል።

የመጀመሪያው ቁልል፦ «ዌን ፍላግ ክሊክድ»፣ ከሥሩ «ጎ ቱ ኤክስ 0 ዋይ 0»፣ ከሥሩ «ሃይድ»።

ሁለተኛው ቁልል፦ «ዌን አይ ሪሲቭ» (መልእክቱን «ቀይ-ብልጭ» ብላችሁ ፍጠሩ)፣ ከሥሩ «ሾው»፣ «ዌይት 0.1 ሰከንድስ»፣ «ሃይድ»።

ለ«ሰማያዊ» ስፕራይትም ይኸው ነው፤ መልእክቱ ብቻ «ሰማያዊ-ብልጭ» ይሁን። 0.1 ሰከንድ ለማየት ይበቃል፤ ነጥቧ እንደቆመች ለማጣራት ግን ጊዜ አይሰጥም። እንዲሆን የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

7. የክፈፉን ብሎክ ደርድሩ። የሥራው ልብ እዚህ ነውና ቀስ በሉ። በቅደም ተከተል፦

- «ዌን ፍላግ ክሊክድ»
- «ጎ ቱ ኤክስ -50 ዋይ 0»
- «ፎርኤቨር»፣ በውስጡም፦
- «ሪፒት 10»፣ በሆዱ «ቼንጅ ኤክስ ባይ 10»
- «ብሮድካስት ቀይ-ብልጭ ኤንድ ዌይት»
- «ሪፒት 10»፣ በሆዱ «ቼንጅ ኤክስ ባይ -10»
- «ብሮድካስት ሰማያዊ-ብልጭ ኤንድ ዌይት»

ሁለት ዓይነት የብሮድካስት ብሎክ አለ፤ «ኤንድ ዌይት» ያለበትን መውሰዳችሁን አረጋግጡ። እሱ ክፈፉን «ነጥቧ በርታ እስክትጠፋ ጠብቅ» ይለዋል። ያኛውን ከወሰዳችሁ ነጥቧ ሳትጠፋ ክፈፉ መንገድ ይጀምራል፤ ያኔ ብልጭታው በመታጠፊያው ላይ መሆኑ ቀርቶ በጉዞው ላይ ይዘረጋል፣ የምታዩትም ሌላ ነገር ይሆናል።

ቁጥሮቹም ያለ ምክንያት አልተመረጡም። ስክራች መድረኩን በሰከንድ 30 ጊዜ ያድሳል፤ በ«ሪፒት» ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዙር አንድ እድሳት ይወስዳል። ስለዚህ 10 ዙር ሲሶ ሰከንድ ነው፤ ክፈፉ በዚያ ጊዜ ከ-50 እስከ 50፣ ማለትም 100 ነጥብ ይጓዛል። ጉዞው 100 መሆኑ ኋላ ስትለኩ መቶኛውን ያለ ማሽን ያወጣላችኋል። የክፈፉ ግማሽ ስፋት 80 ስለሆነ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ላይ ነጥቧ ከቅርቡ ጠርዝ 30 ነጥብ ርቃ፣ ክፈፉ ውስጥ ትቀራለች።

8. አስነሡትና እዩ። ሙሉ ስክሪን አድርጉ፤ አረንጓዴዋን ባንዲራ ንኩ፤ ከስክሪኑ አንድ ክንድ ያህል ራቁ፤ ዓይናችሁን የመደመር ምልክቷ ላይ ትከሉ። ጥቂት ምልልስ ታገሡ። ቀይዋ ግራ፣ ሰማያዊዋ ቀኝ ካልታየቻችሁ ወደ ስህተቶቹ ክፍል ዝለሉ።

9. የማስረጃውን ካርቶን አዘጋጁ። ተመልካች ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «አታታልሉን፣ ሁለት ቦታ ነው ያስቀመጣችኋቸው።» በቃል መከራከር አያዋጣም። ካርቶኑን ስክሪኑ ላይ አስደግፋችሁ ነጥቦቹ የሚበሩበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ካርቶኑን አንሥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ብሱት። ስክሪኑ ላይ እንዳለ እንዳትበሱት፤ የላፕቶፕ ስክሪን ለእርሳስ ጫፍ አይመለስም። ቀዳዳው ከነጥቧ ጥቂት ይስፋ። ከዚያ ካርቶኑን ከላይ በፕላስተር እንደ መጋረጃ አንጠልጥሉት። ሲወርድ ክፈፉ ይሸፈናል፣ በዚያች አንዲት ቀዳዳ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ እየተፈራረቀ ይታያል። ሲነሣ ነጥቦቹ ወዲያው ይለያያሉ። ካርቶኑን ተመልካቹ ራሱ በእጁ ያንሣና ያውርድ፤ እናንተ ካነሣችሁት አንዳች ቁልፍ ነክታችኋል ብሎ ይጠረጥራል። ስስ ወረቀት አይሆንም፣ ክፈፉ አሳልፎ ይታያል።

10. ክፈፉን የሚሰውር ቁልፍ ጨምሩ። «ክፈፍ» ስፕራይት ላይ «ዌን ስፔስ ኪ ፕረስድ» አድርጉና ከሥሩ የኢፌክት ብሎኩን «ጎስት» መርጣችሁ 100 ስጡት። «ዌን አፕ አሮው ኪ ፕረስድ» ሥር ደግሞ «ክሊር ግራፊክ ኢፌክትስ»። አሁን ስፔስ ስትነኩ ክፈፉ ይሰወራል፣ ወደ ላይ የምታመለክተው ቀስት ትመልሰዋለች።

«ሃይድ እያለ ጎስት ምን አስፈለገ?» የሚለውም የዘወትር ጥያቄ ነው። ስክራች የማይታይ ስፕራይት ሲንቀሳቀስ መድረኩን ማደስ ስለማያስፈልገው ዙሩን ሳይጠብቅ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ሲሶ ሰከንድ ይወስድ የነበረው ጉዞ ይጠፋና ብልጭታዎቹ ተደራርበው ይፈጥናሉ፤ ከ3ቱ ገደብም ያልፋሉ። በጎስት የተሰወረ ስፕራይት ግን ለስክራች አሁንም «የሚታይ» ስለሆነ ጊዜው አይዛባም። ያለ ክፈፍና ከክፈፍ ጋር የምታወዳድሩት ነገር ዋጋ የሚኖረው ሌላው ሁሉ እንደነበረ ሲቆይ ብቻ ነው።

11. ለኩት። ለእይታ ብቻ የምትፈልጉ እዚህ ልታቆሙ ትችላላችሁ፤ ለውድድር የምታቀርቡ ግን ቁጥር ያስፈልጋችኋል። መላው ቀላል ነው፦ ነጥቦቹን በተቃራኒው አቅጣጫ በእውነት እየገፋን፣ ለተመልካቹ ልክ አንዷ በአንዷ ሥር የቆሙ የሚመስሉበትን ቦታ እንፈልጋለን። ለማስተካከል የገፋነው መጠን የሽወዳው መጠን ነው።

«ርቀት» የሚል ቫሪያብል (የሚለዋወጥ ቁጥር መያዣ) ለሁሉም ስፕራይት ፍጠሩ። ቀይዋ ላይ ከ«ሾው» በፊት «ጎ ቱ ኤክስ [ርቀት] ዋይ 15» አስገቡ። ሰማያዊዋ ላይ «ጎ ቱ ኤክስ [0 - ርቀት] ዋይ -15» አስገቡ፤ መቀነሻዋ አረንጓዴዎቹ ብሎኮች ውስጥ አለች። ክፈፉ ላይ፣ ባንዲራው ሥር፣ «ሴት ርቀት ቱ 0» ጨምሩ። የቀኝ ቀስት «ቼንጅ ርቀት ባይ 2»፣ የግራ ቀስት «ቼንጅ ርቀት ባይ -2» ያድርግ። የርቀቱ ቁጥር መድረኩ ላይ እንዳይታይ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ምልክት አንሡ፤ ቁጥሩን የሚያይ ሰው ቁጥሩን እንጂ ነጥቡን አያስተካክልም።

ተመልካቹ ዓይኑን ከመደመሯ ላይ ሳያነሣ ቀስቶቹን ራሱ ይጫን። «ቀይዋና ሰማያዊዋ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ሲሆኑ አቁም» በሉት። ሲያቆም የርቀቱን ቁጥር መዝግቡ። ቀይዋ ያን ያህል ወደ ቀኝ፣ ሰማያዊዋም ያን ያህል ወደ ግራ ስለሄደች ቁጥሩን በ2 አባዙት። የክፈፉ ጉዞ 100 ስለሆነ የምታገኙት በቀጥታ መቶኛ ነው፤ ርቀቱ 30 ላይ ከቆመ ሽወዳው የጉዞውን 60 በመቶ ያህላል ማለት ነው። 50 ላይ ቢቆም ክፈፉ ጭራሽ እንዳልተንቀሳቀሰ ተቆጥሯል።

እያንዳንዱን ሰው አንዴ ከ0 ወደ ላይ፣ አንዴ ከ50 ወደ ታች አስጀምሩትና አማካዩን ውሰዱ። ሰው ሲያመነታ ከጀመረበት ወገን ቀድሞ ስለሚያቆም ሁለቱ አቅጣጫዎች ይካካሳሉ። በመጨረሻ ክፈፉን በስፔስ ሰውራችሁ ድገሙት። ያለ ክፈፍ መልሱ 0 አካባቢ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሰውየው የተባለው አልገባውም ወይም ዓይኑ እየሸሸ ነው።

12. ጉዞውን ለዋውጡ። ሽወዳው ከክፈፉ ጉዞ ጋር እንደሚያድግ ለማሳየት ፍጥነቱን ሳትነኩ የዙሮቹን ብዛት ብቻ ቀይሩ። በሁለቱም «ሪፒት» ውስጥ 8 ስታደርጉ መነሻው -40 ይሁን፤ 9 ስታደርጉ -45። ከ8 በታች አትውረዱ፤ ጉዞው ሲያጥር ብልጭታው ይቀራረብና ወደ 3ቱ ገደብ ይጠጋል። ወደ ላይም ከ10 አትለፉ፣ ነጥቧ ወደ ክፈፉ ጠርዝ እየተጠጋች ትሄዳለች። የበለጠ ሰፊ ልዩነት ከፈለጋችሁ ክፈፉን አስፍታችሁ እንደገና ሣሉት።

ብዙ ጊዜ የሚገጥሙ ስህተቶች

*ሁሉ ነገር እንደ እብድ ይሮጣል።* ባንዲራውን ስትነኩ ሺፍት ተጭናችሁ ይሆናል፤ ያ ተርቦ የሚባለውን ፍጥነት ይከፍታል። እንደገና ሺፍት ይዛችሁ ባንዲራውን ንኩና አጥፉት።

*ክፈፉ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል።* የሁለቱ «ሪፒት» ቁጥር አልተመጣጠነም፤ አንዱ 10 ሌላው 9 ነው።

*በልኬት ጊዜ ርቀቱ ከ0 በታች ይወርዳል።* መልእክቶቹ ተለዋውጠዋል። ቀይዋ መብራት ያለባት ክፈፉ ቀኝ ጫፍ ላይ ሲሆን ነው።

*ሽወዳው ደካማ ነው።* በቅድሚያ ተመልካቹ የት እንደሚያይ ጠይቁ፤ ነጥቦቹን ፊት ለፊት አፍጥጦ የሚያይ ወይም ክፈፉን የሚከተል ይበዛል። ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ ነጥቦቹ አጠገብ ቆሻሻ፣ የጣት አሻራ ወይም የመዳፊት ቀስት እንዳለ እዩ። ቀስቷን ተረስታ መሃል ላይ ተቀምጣ ታገኟታላችሁ፤ ወደ ጥግ ግፏት።

*ክፈፉ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል።* ላፕቶፑ ባትሪ ቆጣቢ ላይ ነው ወይም ሌላ ብዙ ፕሮግራም ተከፍቷል። መብራት ከጠፋ ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ በራሱ ወደ ቆጣቢው ይገባልና ለአውደ ርዕዩ ቀን ይህን ማስተካከያ ቀድማችሁ አጥፉት።

*ቤት የሠራው አውደ ርዕዩ ላይ አልተከፈተም።* በ«ፋይል» ሥር «ሴቭ ቱ ዩር ኮምፒዩተር» ብላችሁ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ያዙ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን የስክራች መጫኛም እዚያው ፍላሽ ላይ ጨምሩት። በዋዜማው፣ በሚታይበት ላፕቶፕ ላይ፣ ከፍታችሁ ደረጃ 8ን ድገሙ። ስክሪኑ የተለየ መጠን ካለው የካርቶኑ ቀዳዳ ስለማይገጥም አዲስ ካርቶንና መብሻ ይዛችሁ ሂዱ።